መስመር ያላት ሮዝ ኪኒን

ባሌ ሸፍቀት ፈሪ ነው። ይህን የምለው ላዋርደው ብዬ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ውሻ ይፈራል፣ እንሽላሊት ይፈራል፣ መብረቅ ሲጮኽ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶክተር ጡፈይልን ይፈራል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቱ ካረፉ አሥራ አራት ዓመት ስለሆናቸው የእኔው ፈሪ ለእኔ ተርፏል።

ከሳሂዋል ወደ ሙልታን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዶክተር ጡፈይል ክሊኒክ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መድኃኒት ሲቀምም ኖሯል። ዶክተሩ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ በሽተኛ ያያል። ይጽፋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ይጮኻል እንጂ አይጽፍም። «ሸፍቀት! ትኩሳት፣ ሁለት ቀን!» ይላል። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው የእኔ ሰው ከብልቃጦቹ አንድ ነጭ፣ ግማሽ ቢጫ፣ አንድ ሮዝ ኪኒን ያወጣና በተቀደደ የተማሪ ደብተር ወረቀት ይጠቀልላል። ፑሪያ እንላታለን፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ እጥፋት ናት። ለሁለት ቀን ስድስት ፑሪያ፤ ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ። በላይዋ ላይ ስም የለ፣ ቀን የለ። ምን እየዋጥኩ ነው ብሎ የሚጠይቅ በሽተኛም በእኛ ከተማ ገና አልተወለደም።

ይህ ፈሪ ሰው በስተርጅናው ደፋር ሆነ። ያደፋፈረው የስልክ ጨዋታ ነው።

ልጃችን ሁማ ስታገባ አዲስ ስልክ ተሰጣትና አሮጌውን ለእኛ ትታ ሄደች። ጨዋታው እዚያ ውስጥ ነበር። አንድ ሆዱ የገፋ፣ ጢሙ ሽቅብ የተቆለመመ ዶክተር አለ፤ የልብ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ሁልጊዜ ሊያንቀው ይደርሳል። ከበሽተኛው ሆድ ውስጥ ጀርሞች ምላሳቸውን ያወጡበታል፤ አንዱ ባለጌ ደግሞ ዞሮ ቂጡን ያሳየዋል። ከላይ ኪኒን ይዘንባል። ሦስት አንድ ዓይነት ኪኒን ጎን ለጎን ካሰለፋችሁ፣ አጠገባቸው ያለው ጀርም ጆሮ የሚያሳፍር ድምፅ አሰምቶ ይፈነዳል። ከተሸነፋችሁ ግን ዶክተሩ ራሱን ይስትና ሁለት ነርሶች በእግሩ እየጎተቱ ያወጡታል።

ሸፍቀት መጀመሪያ የሳቀው በነርሶቹ ነው። «ዶክተር ጡፈይልን እንዲህ ቢጎትቱልኝ!» አለና፣ የገዛ ቃሉ አስደንግጦት በሩ ላይ ሰው እንዳለ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእጁ አልወረደም።

«አንተ ሰው፣ ኪኒን ስትቆጥር ውለህ እቤትም ኪኒን?» እለዋለሁ።

«ይኼኛው አይጮኽብኝም» ይለኛል።

እውነቱን ነው፤ ምን እላለሁ። የማያጨስ፣ የማይቀምስ፣ ጓደኛ የሌለው ሰው ነው፤ በጀርም ቢስቅ ምን አለበት ብዬ ተውኩት። ደረጃ ሃምሳ ደረሰ፣ መቶ ደረሰ፣ ሁለት መቶን አለፈ። ቆይቶም ስልኩን ክሊኒክ ይዞ መሄድ ጀመረ። ያኔ እንኳ ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

በዚያ ዓመት ረመዳን ሙቀቱ ላይ ዋለ። በፆሙ አሥራ አንደኛ ቀን ሸፍቀት እንደ ልማዱ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ክሊኒኩ ሲዘጋ እቤት መጣና የገመድ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋደመ። እኔ ለማፍጠሪያ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ጥማቱ ምላሴን ከላንቃዬ አጣብቆታል።

«ዙባይዳ፣ ነይ ይቺን እያት! ሦስት ሮዝ ደረደርኩ፣ አልፈነዳም!»

«ፆመኛ ነኝ፣ አታናግረኝ።»

«ሦስት ሮዝ እኮ ነው! ስልኩ ተበላሽቷል!»

እንዲያርፍልኝ ብዬ ጠጋ አልኩና አየሁ። «ስልኩ ምንም አልሆነም፣ የተበላሸው ዓይንህ ነው። ሁለቱ ልሙጥ ናቸው፣ ይቺኛዋ መሃሏ ላይ መስመር አላት። አንድ አይደሉም።»

ስልኩ ላይ ያ ቦርጫም ዶክተር ራሱን ሳተ፣ ነርሶቹ መጥተው ጎተቱት፤ ሸፍቀት ግን አልሳቀም። ቀና ብዬ ሳየው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አንድ ላይ ያሻሻል፤ ዓይኑ የትም አያይም።

«ጠዋት...» አለ። «ጠዋት እጄ ላይ መስመር ነበረው።»

«ምኑ?»

«ሮዙ።» ተነስቶ ተቀመጠ። «የትኩሳቱ ሮዝ ልሙጥ ነው። መስመር ያለው የስኳር በሽታው ነው። ድሮ ነጭ ነበር፣ ያለፈው ሳምንት የመጣው ሮዝ ሆነ። ጠዋት እየተጫወትኩ ስልኩን ለማስደገፍ ብልቃጡን ወደዚያ ገፋሁት... የስኳሩን በትኩሳቱ ቦታ አድርጌዋለሁ። ወላሂ አድርጌዋለሁ፣ ዙባይዳ። ጣቴ ያውቃል።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «ስኳር የሌለበት ሰው ቢውጠው ምን ይሆናል?»

«ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ያልቅበታል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ይባስ። ያልበዋል፣ ይቀባዥራል፣ ከዚያ ይተኛል። ከዚያ ላይነቃ ይችላል።»

«ለማን ሰጠህ?»

«ብልቃጡን ከገፋሁ በኋላ ትኩሳት የተባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ አላህ ዲታ ነው፣ ሐብሐብ ሻጩ። ሌላዋ...» አፉን በእጁ ያዘ። «ሌላዋ የተስኒም ልጅ ናት። ማህዊሽ።»

ማህዊሽ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ተስኒም ከቦዩ ማዶ የምትኖር ወዳጃችን ናት። አላህ ዲታ ፆመኛ ስለሆነ እስኪያፈጥር ድረስ ምንም አፉ ውስጥ አያስገባም፤ ለእሱ ጊዜ አለን። ልጅ ግን ፆም የለባትም። ሸፍቀት ራሱ በገዛ አፉ እናትየዋን «የመጀመሪያዋን እቤት እንደደረሳችሁ ስጪያት» ብሏታል። ያ ከሆነ አራት ሰዓት አልፎታል።

«ለዶክተሩ ደውል» አልኩት።

«ይገድለኛል።»

«ልጅቷ ከሞተች እኔ ነኝ የምገድልህ! ደውል!»

ደወለ። ዶክተሩ ቀን ሲተኛ ስልኩን ይዘጋል፤ ያን ቀንም ዘግቶታል። ከጓዳ አንድ እፍኝ ስኳር በሻርፔ ጫፍ ቋጠርኩና ተከተልኩት። ያለ እኔ መሄድ አይችልም፤ የተስኒም ባል ካራቺ ነው የሚሠራው፣ ሴቶች ብቻ ካሉበት ቤት ደግሞ ወንድ ሰተት ብሎ አይገባም። ሞተር ብስክሌቱን ሦስት ጊዜ አስነስቶ ሦስት ጊዜ አጠፋው። ከኋላው ተቀምጬ ወገቡን ያዝኩ።

የቦዩ ድልድይ ላይ አንድ ቡላ ውሻ አለ። ሸፍቀት እሱን ፈርቶ ለዓመታት በሌላኛው ድልድይ ሲዞር ኖሯል። ያን ቀን ውሻው እየጮኸ እግሩ ሥር ሲሮጥ አላየውም። ባሌ ውሻ ሳይፈራ ሳይ የእኔ ፍርሃት ባሰ፤ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባኝ ያኔ ነው።

አላህ ዲታ ከድልድዩ ማዶ ጋሪው ጥላ ሥር ተጋድሟል።

«ፑሪያዎቹን አምጣ!» አለው ሸፍቀት ከሞተሩ ሳይወርድ።

«ምነው ጋሼ ሸፍቀት? አልነካሁትም እኮ! ፆሜን ሊሰልል ዶክተሩ ላከህ እንዴ?»

«አምጣ አልኩህ!»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጣ። ሐብሐብ የወሰድኩብህ አስመሰልከው» እያለ ከኪሱ አወጣ። ተቀብዬ ቆጠርኩ፤ ስድስት። ጉድለት የለም። እሱን ተውነውና አቧራውን እያስነሳን ነጎድን።

የተስኒምን በር በሁለት እጄ ደበደብኩት። ተስኒም እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከፈተች።

«እትዬ ዙባይዳ! ምን ሆናችሁ?»

«ማህዊሽ የት ናት?»

«ተኝታለች።»

ተኝታለች የሚለው ቃል እንዲህ ሰው ሊያስፈራ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ተስኒምን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ልጅቷ ከማራገቢያው ሥር ምንጣፍ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ትከሻዋን ወዘወዝኳት፤ እጇ ልፍስፍስ ብሎ ወደቀ። ሸፍቀት ከደጅ ሆኖ «ስኳሩን! ከንፈሯ ውስጥ፣ ድዷ ላይ!» ብሎ ጮኸ። ቋጠሮዬን ፈትቼ ስኳሩን በጣቴ አፏ ውስጥ ጠቀጠቅኩት።

ማህዊሽ ተስፈንጥራ ተነሳች። ስኳሩን ፊቴ ላይ ተፋችውና ኡኡታዋን አቀለጠችው። «ፆሜን! ፆሜን አስገደፋችሁኝ!»

«ምን ፆም?» አለች ተስኒም። «አንቺ ልጅ፣ የምን ፆም ነው የምታወሪው?»

«የመጀመሪያ ፆሜ ነበር! ለማፍጠሪያው መግሪብ ጥቂት ሰዓት ነበር የቀረው! አሁን በእትዬ ዙባይዳ ምክንያት ዜሮ ሆነ!»

እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ፊቷ በቁጣ ቀልቷል፤ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ቁጣ አላየሁም። ሸፍቀት ደጃፉ ላይ ግንባሩን ከግድግዳው አጣብቆ «አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ» ይላል።

ተስኒም ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። «ታዲያ መድኃኒቱንስ? ዋጥኩት ብለሽ ባዶ ወረቀት አሳይተሽኝ የለ?»

ማህዊሽ አንገቷን ደፋች። «አያቴ ናት የዋጠችልኝ።»

«ምን?»

«ፆም ላይ ነኝ ብዬ ነገርኳት። እኔ ልዋጥልሽ፣ ለጉልበቴም ይሆነኛል፣ መድኃኒት አይጣልም አለችኝ።»

ሸፍቀት ቀና ሲል አየሁት። ቆሌው ተገፏል። «እማማ በሺራን የት ናቸው?» አለ።

«ከኋላ ክፍል ናቸው» አለች ተስኒም፤ ገና ምንም አልገባትም። «ዛሬ እንኳ ሰላም ሰጥተውናል። ወትሮ አፋቸው አያርፍም፣ ከቀትር ጀምሮ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ደግሞ ምግብ አልበላም ብለዋል። እርጅና ፆሙን ቢያነሳላቸውም፣ ልጆች እየፆሙ እኔ አልበላም ይላሉ።»

ሸፍቀት አላስፈቀደም፣ ጉሮሮውን አልጠረገም። አልፎን ሮጠ።

የኋላው ክፍል ጨለም ያለና የታፈነ ነው። እማማ በሺራን አልጋቸው ላይ ጠማማ ሆነው ወድቀዋል። ልብሳቸው ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስል በላብ ረጥቧል፣ እጃቸውን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነው። ዓይናቸው ግማሹ ተከፍቷል፤ አያየንም። ሸፍቀት ራሳቸውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና በጎናቸው አስተኛቸው።

«ተስኒም፣ ሮጠሽ ዶክተሩን ጥሪ! በሩን ስበሪ፣ ግሉኮስ ይዘህ ና በይው! ዙባይዳ፣ ስኳር!»

ስኳሩን በውሃ አርሶ ጥቂት ጥቂቱን በጣቱ ድዳቸው ላይ ያሻል። «ውሃ አትስጫቸው፣ ያንቃቸዋል» ይለኛል። እንደገና ያሻል። ያ እንሽላሊት አይቶ የሚጮኽ ሰው እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም፤ ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ የእኔም አይገባም። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ ሁማን ስወልድ ፈርቻለሁ፣ ቦዩ ሞልቶ ሰፈሩን የወሰደው ጊዜ ፈርቻለሁ። ያኛው ሁሉ ጨዋታ ነበር። በዚህኛው ግን ገዳዩ የገዛ ባሌ ነው፣ የሚሞቱት ደግሞ ሁማን ጡታቸውን ያጠቡልኝ፣ ወተት ሲያጥረኝ የደረሱልኝ ሴት ናቸው።

ማህዊሽ በሩ ላይ ቆማ «በእኔ ምክንያት ነው?» አለች።

«አይደለም ልጄ» አላት ሸፍቀት፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «በእኔ ምክንያት ነው።»

ስንት ጊዜ እንደሄደ አላውቅም። ምላሳቸው ተንቀሳቀሰ። ከንፈራቸውን ላሱ። ደግመው ላሱ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ዞረና ሸፍቀት ላይ አረፈ።

«ማን ነው ያገባው?» አሉ በተሰባበረ ድምፅ። «ጣፋጭ የበተናችሁት ለማን ሠርግ ነው?»

ሸፍቀት እንደ ሕፃን ልጅ አለቀሰ።

ዶክተር ጡፈይል በነጠላ ጫማና በሌሊት ልብሱ መጣ። ግሉኮሱን ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ መርፌውን አስገባ፣ ግፊታቸውን ለካ። ሸፍቀት ወደ ደጅ ወስዶ የሆነውን ሁሉ ነገረው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያ ከጩኸቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ኪኒኑ እስከ ነገ ከሰውነቷ አይወጣም። ስለዚህ ግሉኮሱ አይነቀልም፣ ሰውም ከአጠገቧ አይለይ። ሌላው ነገር ደግሞ፣ ሙቀት ነው። ገባህ? አሮጊት ናት፣ አልበላችም፣ ሙቀት መታት። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ።»

እኔስ? ውሸታም አያድርገኝ፣ እውነቱን ልናገር፤ ሙቀት ነው በል እያልኩ ሸፍቀትን በልቤ ለመንኩት። ሥራው ሲሄድ ታየኝ፣ የተስኒም ባል ከካራቺ ከወንድሞቹ ጋር ሲመጣ ታየኝ፣ የመንደሩ ልጆች ሞተሩን በድንጋይ ሲደበድቡ ታየኝ። ሃያ ስድስት ዓመት «እሺ ዶክተር» ብሏል፤ አንድ ጊዜ ቢጨምር ምን ይጎድልበታል አልኩ።

ሸፍቀት ግን ጀርባውን ሰጠው። ወደ ውስጥ ተመለሰና ተስኒም ፊት ቆመ።

«ሙቀት አይደለም» አላት። «የተሳሳተ ኪኒን ሰጥቼሽ ነው። ስልክ እየተጫወትኩ ብልቃጡን ቀያየርኩት። ማህዊሽ ብትውጠው ኖሮ... አላህ በፆሟ አዳናት። የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

ተስኒም አልጮኸችም። ትመታዋለች ብዬ ልገላግል ተጠጋሁ፤ አልመታችውምም። ወደ መደርደሪያው ሄደች። አንድ ትልቅ የብስኩት ጣሳ አወረደች። ከፍታ አልጋው ላይ፣ አማቷ እግር ሥር ዘረገፈችው። ፑሪያ ነው። አርባ ይሆናል፣ ስድሳ ይሆናል። አንዳንዱ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፋቸው ቁጥሮች ይታዩበታል።

«የታመመው ሰው ሲሻለው የተረፈውን አልጥልም» አለች። ድምጿ የተረጋጋ ነው። «ማን ይጥላል? ትኩሳት ሲመጣ ሮዝ ያለበትን ፈልጌ እሰጣለሁ። ሆድ ሲቆርጥ ቢጫ። ለልጄ የሰጠሁት ከዚህ ነው፣ ለእሳቸውም ከዚህ ነው፣ ለጎረቤትም አበድራለሁ። እሺ፣ የዛሬውን ነገርከኝ። እነዚህስ? እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ሸፍቀት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ፈታ። ነጭ፣ ግማሽ ቢጫ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሮዝ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አገላበጠው። ሌላ ፈታ። ሌላ ፈታ። ዶክተሩ ከደጅ እያየ ነበር፤ ቀስ ብሎ ጫማውን እየጎተተ ሄደ።

«አላውቅም» አለ ሸፍቀት።

እሱ እማማ በሺራን አጠገብ ቀረ፤ እኔ እቤት በእግሬ ተመለስኩ። ሽንኩርቱ ተቆራርጦ ደርቋል። አልነካሁትም። ዱቄት ማስቀመጫው ላይ ወጥቼ የራሴን ጣሳ አወረድኩ። አዎ፣ እኔም አለኝ። በዚያ ሰፈር የሌላት ሴት የለችም፤ እኔ ደግሞ የቀማሚው ሚስት ነኝ፣ የእኔ ጣሳ ከሁሉም ይበልጣል። ሦስት ልጆች ያሳደግኩት ከዚያ እየዘገንኩ ነው። መሬት ላይ አፍስሼ ፑሪያ ስፈታ፣ ሁማ ባለፈው ሳምንት መጥታ ለልጇ ብላ በእፍኝ መውሰዷ ትዝ አለኝ። ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ደወልኩላት። ስልኩን ሸፍቀት የገመድ አልጋው ላይ ትቶት ነበር። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳችው፤ ከኋላዋ ልጁ ሲስቅ ይሰማኛል።

«ሁማ፣ ከእኔ የወሰድሻቸውን ፑሪያዎች በሙሉ ጣይ። አሁኑኑ።»

«ለምን እማዬ? ትናንት ማታ ሲያተኩሰው አንዷን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ሰጥቼው ጠዋት ድኖ ተነሳ እኮ። በጣም ጥሩ ናት። የምን መድኃኒት ነበረች?»

ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን አየሁ። ሮዙ፣ ቢጫው፣ ነጩ ተደባልቋል።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «አባትሽም አያውቅም።»